ልጄ አፉን የፈታበት ገበታ፦ ቤት ድረስ የሚመጣው የስፒች ቴራፒ አገልግሎት ሪቪው

ይሄን ልጽፍ ካሰብኩ ቆየሁ፣ ሥራና ልጅ እያለ አልተመቸኝም ነበር። ባለፈው እሁድ ግን ቅዳሴ አልቆ አዳራሽ ውስጥ ጠበል ጸዲቅ እየቀመስን አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ አጠገቤ ተቀመጠችና «ሁለት ዓመት ሞላው፣ እስካሁን እማዬ እንኳን አላለኝም፣ ሰው ሁሉ ጊዜው ሲደርስ አፉን ይፈታል እያለ ነው ሚያጽናናኝ» ስትለኝ ሆዴ ተላወሰ፣ ምክንያቱም ከሁለት ዓመት በፊት እኔም እዛው አዳራሽ ቁጭ ብዬ ይሄንኑ እያልኩ ነበር። ያኔ አንድ ሰው ቁጭ አርጎ በአማርኛ ቢያስረዳኝ ኖሮ ስንት ወር ባላባከንኩ። ስለዚህ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ሪቪው ማረገው እዚህ አሜሪካ፣ ኖርዘርን ቨርጂኒያ ለልጄ ያገኘሁትን አርሊ ኢንተርቬንሽን ሚባለውን አገልግሎት ነው፣ እድገታቸው ለዘገየ ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ቤት ድረስ መጥተው ሚሰጡት ነው፣ የኛ ስፒች ቴራፒ (የንግግር ሕክምና) ነበር። የቢሮውንም የቴራፒስቷንም ስም አልጽፍም። በየአካባቢው ሌላ ሌላ ቢሮ ነው ያለው፣ የኔዋ ቴራፒስት ለናንተ ላትደርሳችሁ ትችላለች፣ ስለዚህ ከስሟ ይልቅ ምን እንደሚሰሩና ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ብታውቁ ይሻላችኋል። ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ፣ አንዷን ለምን እንደቀነስኩ ወደ ታች አለ።

መጀመሪያ ቤታችን እንዴት እንደነበር ልንገራችሁ፣ እሱን ካላወቃችሁ ቀሪው አይገባችሁም። እኔ ነርሲንግ ሆም የሌሊት ሺፍት ነው ምሰራው፣ ባለቤቴ ቀን ኡበር ይነዳል። አማቴ ሊያርሱኝ ከደሴ መጥተው በዛው ልጁን ሊያሳድጉልን ቀሩ፣ እግዜር ዕድሜ ይስጣቸው፣ እሳቸው ባይኖሩ ሁለታችንም መሥራት አንችልም ነበር። እማማ ሰባት ልጅ ያሳደጉ ናቸው፣ ልጅ ካልበላ እሳቸውም እህል አይወርድላቸውም። እና ማሙሽ (ቤት ውስጥ ምንጠራው እንደዛ ነው) 20 ወሩ ላይ ውሎው ይሄ ነበር፦ ጠዋት አንድ ጡጦ ወተት፣ ረፋድ ላይ ሌላ ጡጦ፣ ምሳ ድንችና ካሮት ከስጋ ጋር ተቀቅሎ ብሌንደር ውስጥ እንደ አጥሚት እስኪቀጥን ይፈጭና በማንኪያ፣ ከሰዓት ዳቦ በሻይ ተፈትፍቶ፣ ማታ ጡጦውን አፉ ውስጥ እንዳረገ ተኝቶ፣ ሌሊት በነቃ ቁጥር ደግሞ ጡጦ። ምሳው ላይ ስልክ ካልተከፈተለት አፉን አይከፍትም። ስልኩ ይዘፍናል፣ ማንኪያው ይገባል፣ ይውጣል፣ ማንኪያው ይገባል፣ ይውጣል። 15 ደቂቃ ውስጥ ሳህኑ ባዶ ይሆናል፣ እኛም «ጎሽ የኔ አንበሳ፣ ጨረሰው!» እንላለን። ያን ሁሉ ጊዜ ማንም ለማንም አንድ ቃል እንዳልተናገረ ያኔ አላየሁትም፣ ልጁ ጠግቧል፣ ወፍሯል፣ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ።

ግን አያወራም። «ማ» ይላል፣ እሱንም ለሁሉ ነገር ነው። ውሃ ሲፈልግ እጃችንን ጎትቶ ፍሪጁ ጋ ይወስደናል። የጓደኞቼ ልጆች በዛ ዕድሜያቸው «እማ ነይ» «አባ ሄደ» ይላሉ። እኔ ደሞ ሌሊት ሥራ ላይ ታካሚዎቼ ሲተኙ ስልኬ ላይ ስፈልግ አድር ነበር።

ምክሩስ? አንዱ ወንድ ልጅ ይዘገያል ይላል፣ አንዱ አባቱም አራት ዓመቱ ነው ያወራው ይላል፣ ከሀገር ቤት ስልክ የደወለች ዘመዴ ደሞ እንጥሉ ወርዶ ይሆናል አስቆርጪው አለችኝ፣ ኧረ በፈጣሪ! እንጥል ማስቆረጥ ከንግግር ጋር ምንም አያገናኘውም፣ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ነው ሚያመጣው፣ ስንት ሕፃን ሀገራችን ላይ የተጎዳበት ነገር ነው፣ ማንም እንዳይሞክረው። አንድ ክሊኒክ ውስጥ ደሞ (የት እንደሆነ ይቅር) አንዷ ሠራተኛ «ሁለት ቋንቋ አደናግሮት ነው፣ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ አውሩት» ብላኝ ሁለት ወር ሙሉ በተሰበረ እንግሊዝኛዬ ከልጄ ጋር ሳወራ ከረምኩ። እማማ እንግሊዝኛ ስለማይችሉ ዝም አሉ። ቤታችን ውስጥ በጣም ሚያወሩት ሰው እሳቸው ነበሩ፣ ልጁን ይዘው ሲያንጎራጉሩ ሚውሉት። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር እስከ ዛሬ ያመኛል።

ከዛ ደሞ ኢንተርኔት ላይ «ልጅ ካላኘከ አያወራም፣ የአፍ ጡንቻው ስላልጠነከረ ነው» የሚል ቪዲዮ አየሁና 68 ዶላር አውጥቼ አንድ ሳጥን ሙሉ እቃ አዘዝኩ፣ ፊሽካ፣ ሚታኘክ ላስቲክ፣ የሚንቀጠቀጥ ብሩሽ፣ የከንፈር ማጠንከሪያ ምናምን። ማሙሽ ፊሽካውን በሦስት ቀን ተማረና ቤቱን አናወጠው፣ ቃል ግን የለም።

በመጨረሻ ሥራ ቦታ አንዲት ኬንያዊት «ሐኪም እስኪልክሽ ምን ትጠብቂያለሽ፣ ራስሽ ደውይ» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ የሐኪም ወረቀት አያስፈልግም፣ ወላጅ ራሱ መደወል ይችላል። እዚህ ሀገር በፈረንጆቹ ከ1986 ጀምሮ ሕግ አለው። ከደወላችሁበት ቀን አንስቶ በ45 ቀን ውስጥ የልጁን እድገት መዝነው፣ የሚገባው ከሆነ ከናንተ ጋር ቁጭ ብለው ልጁ እንዴት እንደሚረዳ የሚገልጸውን የአገልግሎት እቅድ መጻፍ አለባቸው። ምዘናው በነፃ ነው። ቨርጂኒያ ላይ ልጁ በአንዱ ዘርፍ፣ ለምሳሌ በንግግር፣ ከዕድሜው 25 ፐርሰንት ወደኋላ ከቀረ ይቀበሉታል። ከዛ በኋላ ያለው ቴራፒ ኢንሹራንስ ወይ ሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅ ላለ ሰው ያለው የመንግሥት ኢንሹራንስ) ይጠየቃል፣ ቀሪው እንደ ገቢያችሁ ነው ሚተመነው፣ በገንዘብ ምክንያት ፈርታችሁ እንዳትቀሩ። ፓስፖርትም ግሪን ካርድም አልጠየቁንም። እኔ በደወልኩ በ38ኛው ቀን እቅዱ ላይ ፈረምን፣ እዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ቴራፒስቷ የመጀመሪያ ቀን ስትመጣ እኔ ሳሎኑን አጽድቼ፣ መጫወቻዎቹን ደርድሬ፣ ፊሽካዎቹን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ነበር ምጠብቃት። እቃዎቹን አየቻቸው፣ ምንም አላለችም፣ «ምሳ በስንት ሰዓት ነው ሚበላው?» አለችኝ። አሁን ነው አልኳት። «እንግዲያው እንደ ሁልጊዜው አብሉት፣ እኔ ዝም ብዬ ልይ» አለች። እማማ እንግዳ ሰው ፊት ልጅ ማብላት ቅር እያላቸው ስልኩን ከፈቱ፣ ማንኪያውን አነሱ። ሴትዮዋ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ 15 ደቂቃ ሙሉ ዝም ብላ አየች። ስትጨርስ አልተቆጣችም፣ አልነቀፈችም፣ መጀመሪያ ወደ እማማ ዞራ በአስተርጓሚ «ይሄን ልጅ በጣም እንደሚወዱት አየሁ» አለቻቸው። እማማ እንባቸው መጣ። ብዙ ባለሙያ አይቻለሁ፣ አያትን ከሁሉ አስቀድሞ ሚያመሰግን አይቼ አላውቅም፣ አራቱን ኮከብ ያገኘችው እዛች ደቂቃ ላይ ነው ብል ይቀለኛል።

ከዛ እኔ ስጨነቅበት የነበረውን ጠየቅኳት፣ «ስላላኘከ ነው ማያወራው?» አልኳት። እሷም አለችኝ፣ ምላሱም ከንፈሩም መንጋጋውም ለሁለቱም ያው ናቸው፣ ግን አንጎል ሲያኝክና ሲያወራ ጡንቻዎቹን ሚያዝበት መንገድ ይለያያል። በፈረንጆቹ 1996 የወጣ ጥናት ነበር፣ ሕፃናት ሲያኝኩና «ባባ ማማ» እያሉ ሲኮላተፉ የመንጋጋ ጡንቻቸውን ሥራ ለክተው ሁለቱ የተለያዩ ሆነው ነው የተገኙት፣ አንዱ ከሌላው ተቀጥሎ ሚያድግ አይደለም። ስለዚህ ማኘክ ስላስተማርነው ብቻ ቃል አይመጣም፣ ፊሽካ መንፋት ደሞ ፊሽካ መንፋትን ነው ሚያስተምረው፣ ለንግግር እንደሚረዳ ጥሩ ማስረጃ የለም። 68 ዶላሬ እዛ ጋ አለቀ። እባካችሁ እናንተ አትግዙ።

«ግን» አለች፣ «አበላሉ ከንግግሩ ጋር አይገናኝም እያልኩሽ አይደለም፣ በምትገምቺው በር አይደለም እንጂ ይገናኛል»። ከዛ በኋላ ባሉት ሳምንታት በሮቹን አንድ በአንድ አሳየችን፣ እኔም የተረዳሁትን ያህል ልጻፍላችሁ።

አንዱ ጆሮ ነው። ማሙሽ ጡጦ ይዞ ጋደም ብሎ ነበር ሚተኛው፣ በዓመቱ ውስጥ አራት ጊዜ ጆሮውን ታሞ አንቲባዮቲክ ወስዷል፣ እኔ ሁለቱን አገናኝቼ አስቤው አላውቅም። ልጅ ጋደም ብሎ ጡጦ ሲጠባ ወተቱ ከጉሮሮ ወደ መሀል ጆሮ በሚሄደው ቀጭን ቱቦ በኩል ሊገባ ይችላል፣ የሕፃን ቱቦ አጭርና ጋደም ያለ ነው፣ ለዛ ነው ሐኪሞች ተኝቶ ጡጦ አትስጡ ሚሉት። ጆሮው ከታመመ በኋላ ደሞ ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ሊቀር ይችላል፣ አያምም፣ ትኩሳት የለውም፣ ግን ልጁ ሚሰማው ውሃ ውስጥ እንዳለ ሰው ነው። ሲወለድ የጆሮ ምርመራውን አልፏል ብዬ ተማምኜ ነበር፣ የተወለደ ጊዜ ማለፍ የዛሬውን አያሳይም። ኦዲዮሎጂስት (ጆሮ በደንብ መስማቱን ሚለካ ባለሙያ) ጋ ላከችን፣ ሁለቱም ጆሮው ውስጥ ፈሳሽ ተገኘ። እስቲ አስቡት፣ እኔ ለምን አያወራም ስል እሱ በደንብ እየሰማኝ አልነበረም። የሌሊቱን ጡጦ አቆምን፣ ሐኪሙ ተከታተለው፣ ከሁለት ወር ተኩል በኋላ ሲለካ ፈሳሹ ጠፍቷል፣ ፈሳሹን ማውጫ ትንሽ ቱቦ ጆሮው ውስጥ ማስገባት ሳያስፈልገው ቀረ። ልጁ ለዘገየበት ሰው ሁሉ መጀመሪያ ምለው ይሄንን ነው፣ ከምንም በፊት ጆሮውን አስለኩ።

ሁለተኛው ወተቱ። በቀን አምስት ጡጦ፣ እያንዳንዱ 8 አውንስ፣ 40 አውንስ ማለት ነው። ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ላለ ልጅ ሚመከረው ከ16 እስከ 24 አውንስ ነው። ወተት ጥሩ ነው አይደል ብለን ነው እኮ፣ ግን የላም ወተት ብረት የለውም ማለት ይቻላል፣ ሆዱን ሞልቶ ደሞ ሌላ ምግብ እንዳይበላ ያረገዋል፣ ያቺ ከሰዓት ምንሰጠው ሻይ ደሞ ከምግቡ ያገኛትን ብረት እንኳን ሰውነቱ እንዳይወስድ ትከለክላለች። ደሙ ሲታይ ብረቱ አንሶ ተገኘ። ብረት ለሚያድግ አንጎል ያስፈልጋል፣ ያነሰው ልጅ ይደክመዋል፣ ትኩረቱ ይሰረቃል፣ ሰው አፍ ላይ ዓይኑን ተክሎ ሚያዳምጥበት ጉልበት ያንሰዋል። ጠብታ ታዘዘለት፣ ከብርቱካን ጭማቂ ጋር እንጂ ከወተት ጋር እንዳትሰጡ ተባልን፣ እማማ ደሞ ምስርና ሽሮ ላይ ቲማቲም አብዝተው፣ ጥብስ በቃጫው በቃጫው እየሰነጠቁ ያቀርቡለት ጀመር። ሻይዋ ቀረች። እማማን ሻይ ማስተው ከባድ ነበር፣ ግን «ደሙን ሚሰርቅ ከሆነ እኔም አላፈላ» አሉ፣ አልፎም ለራሳቸው እሱ ከተኛ በኋላ ነው ሚጠጡት።

ሦስተኛው ብሌንደሩ ነው፣ እዚህ ላይ ከንግግሩ ይልቅ ለራሱ ለአበላሉ ነው ቴራፒስቷ ምትጨነቀው የነበረው። እንግሊዝ ሀገር በብዙ ሺህ ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት ጓል ያለው ምግብ ከ10 ወር በኋላ የጀመሩ ልጆች ቆይተው ለማብላት ሚያስቸግሩ መሆናቸውን አሳይቷል። የኛ 21 ወር ሞልቶት ገና ፈሳሽ ላይ ነበር። ብሌንደሩ ወደ ቁም ሳጥን ገባ። መጀመሪያ በሹካ የተደቆሰ ድንች፣ ከዛ ቂንጬ፣ ከዛ አቮካዶ በእጁ፣ ከዛ እንጀራ ፍትፍት፣ ከዛ ሽሮ የነካ እንጀራ ራሱ ቆርሶ። ሁለት ሳምንት ተንገሸገሸ፣ ተፋ፣ እማማ ልጁ ከሳ ብለው አለቀሱ፣ እኔም ከጓዳ ወጥቼ አለቀስኩ። ቴራፒስቷ አንድ ነገር ነገረችን፣ ኤሊን ሳተር ሚሏት የአሜሪካ የምግብ ባለሙያ ያመጣችው አካሄድ ነው፦ ምን፣ መቼና የት እንደሚበላ ወላጅ ይወስናል፣ መብላት አለመብላቱንና ምን ያህል እንደሚበላ ልጁ ይወስናል። ይሄ ለሐበሻ ቤት ቀላል አይደለም፣ እኛ ለምነን ነው ምናበላው፣ «በሞቴ» ብለን ነው ምናጎርሰው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ማሙሽ ራሱ ዳቦ አንስቶ ነከሰ። (ሙሉ ኦቾሎኒ፣ ቆሎ፣ ያልተሰነጠቀ ወይን ግን አራት ዓመት እስኪሆነው አይሰጥም፣ ያንቀዋል፣ ይሄን እቤታችሁ ላሉ ትልልቅ ሰዎች ሁሉ ንገሩ።)

አራተኛውና ለኔ ትልቁ፣ ስልኩ ነው፣ ማለቴ ስልኩ የወሰደው ቦታ። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2019 ባወጣው መመሪያ ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ስክሪን አይመክርም፣ ሁለት ዓመት ከሞላው በቀን ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ ነው። እኛ በቀን ሦስት ጊዜ ማብያ አርገነዋል። ቴራፒስቷ ሒሳብ አሰራችኝ፣ «አንድ ልጅ በቀን አምስት ጊዜ ይበላል፣ እያንዳንዱ 20 ደቂቃ ቢሆን መቶ ደቂቃ ነው፣ እኔ በሳምንት አንዴ መጥቼ ማወራው አንድ ሰዓት ነው፣ እናንተ ግን በየቀኑ መቶ ደቂቃ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ አላችሁ፣ ታዲያ ትልቁ ቴራፒስት ማነው?» አለችኝ። ሃርቫርድ ላይ ካትሪን ስኖው ምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ገበታ ላይ ቤተሰብ ሚያወራውን እየቀዱ አጥንተው፣ ምግብ ላይ ብዙ ያልተለመዱ ቃላት ሚሰሙ ልጆች ቆይተው የቃላት ሀብታቸው የሰፋ መሆኑን አግኝተዋል። እኛ ደሞ ከጥንት ጀምሮ ባንድ ትሪ ዙሪያ ተቀምጠን እያወራን ምንበላ ሕዝብ ነን፣ ለካ ያንን ትሪ እዚህ ሀገር ስንመጣ ነው የጣልነው፣ እኔ ከሥራ ስገባ እሱ ይወጣል፣ ልጁ ለብቻው ወንበሩ ላይ፣ እማማ ለብቻቸው ቆመው።

ያስተማረችን ነገር ቀላል ነው ግን ልምምድ ይፈልጋል። ስልኩ ይጠፋል። ልጁ ወንበሩ ላይ እግሩ ረግጦ፣ ፊቱ ወደ ፊታችን፣ እኛም አብረነው እንበላለን። የያዝነውን እንጠራለን፣ «እንጀራ፣ ትኩስ ነው፣ ኡፍ ኡፍ፣ ቀዘቀዘ»፣ አጭር አጭር፣ ደጋግመን። በሁለት እጅ ሁለት ነገር ይዘን «ሙዝ ነው አቮካዶ?» ብለን ዝም፣ በሆዳችን እስከ አስር እየቆጠርን። ያቺ አስር ቁጥር ለኔ ዓመት ነበረች፣ እናት ልጇ ሳይናገር ምን እንደሚፈልግ ታውቃለች፣ ቀድማ ታነሳለታለች፣ እሱ መናገር ምን አስፈለገው? ትንሽ ትንሽ ነው ሚቀርብለት፣ ሲያልቅ እንዲጠይቅ። ግን አስጠንቅቃናለች፣ «በል ካላልክ አልሰጥህም» አይባልም፣ ምግብ መያዣ አይሆንም፣ ቢጠቁምም ቢያቃስትም ይሰጠዋል፣ እኛ ቃሉን ብለንለት።

ጉርሻን ተዉ ትለናለች ብዬ ፈርቼ ነበር። አላለችም። ምን እንደሆነ አስረዱኝ አለች፣ እማማ በእጃቸው አጎረሷት፣ ሳቀች፣ ከዛ «ልጁም ያጉርሳችሁ» አለች። ከዛን ቀን ጀምሮ ጉርሻ ተራ ሆነ፣ እማማ ያጎርሱታል፣ እሱ እማማን ያጎርሳል፣ «እንካ» «እንኪ» «አምጣ» «ጣፋጭ ነው» እየተባለ። ወሬም እኮ ተራ ነው፣ አንዱ ይሰጣል ሌላው ይቀበላል፣ ማሙሽ ያንን የተማረው ከጉርሻው ነው ብዬ ነው ማምነው።

እና 24 ወሩ ሊሞላ አራት ቀን ሲቀረው፣ ማታ ነው፣ ኦፍ ነበርኩ፣ ሽሮ በልቶ ጨርሶ ሳህኑን ወደ እማማ ገፋና «መሪ» አለ። ሁላችንም ዝም አልን። እማማ «ምን አልክ የኔ ጌታ?» አሉ። «መሪ!» ጨምሪ ማለቱ ነው። እማማ ለሚያበሉት ሁሉ «ልጨምር? ልጨምር?» ሲሉ ነው ሚውሉት፣ እኔ ደሞ እሳቸውን «ጨምሪለት በሉኝ እንጂ» እያልኩ እቀልዳለሁ፣ ከየት ለቅሞ እንዳመጣት እሱ ነው ሚያውቀው። ድስቱ ባዶ እስኪሆን ጨመሩለት። ባለቤቴ መኪና ውስጥ ደንበኛ ጭኖ ነበር፣ ደውዬ አሰማሁት፣ መንገድ ዳር አቁሞ ይቅርታ ጠይቆ ነው የሰማው።

ከዛ በኋላ እየፈጠነ ሄደ። 27 ወሩ ላይ ከአማርኛም ከእንግሊዝኛም ደምረን 50 ቃል ደረስን። ድምሩ ከሁለቱም ቋንቋ ነው ሚቆጠረው፣ «ውሃ» ካለ ውሃ ነው፣ «ዋተር» ካለም ቃል ነው። ቋንቋ ማደናገሩን በተመለከተም ቴራፒስቷ ፍርጥ አርጋ ነው የነገረችኝ፣ ሁለት ቋንቋ ልጅን አያዘገይም፣ በደንብ ምትችሉትን ቋንቋ አውሩት። እማማ ወሬያቸው ተመለሰ። 30 ወሩ ላይ «ሞር ሽሮ» እና «ውሃ ስጪ» መጣ። ሦስት ዓመት ሲሞላው አገልግሎቱ ሕጉ ስለሆነ ይቆማል፣ ከዛ በፊት የትምህርት ቤቱ ዲስትሪክት እንዲረከብ ስብሰባ ይደረጋል። አሁንም ሙሉ ለሙሉ አልደረሰም፣ አንዳንድ ድምፅ አይጠራለትም፣ እንግዳ ሰው ግማሹን ላይረዳው ይችላል፣ ትምህርት ቤት ውስጥ በሳምንት አንዴ ቀጥሏል። ጡጦ ስላስጣልኩት ነው ያወራው ብዬ አልነግራችሁም፣ ጆሮው ጠራ፣ ብረቱ ተስተካከለ፣ ስልኩ ጠፋ፣ ገበታው ላይ ወሬ መጣ፣ ዕድሜውም ጨመረ፣ ሁሉም ባንድ ላይ ስለሆነ የትኛው ምን ያህል እንደሠራ መለየት አልችልም። ስልክ እያዩ እየበሉ ጥርት አርገው ሚያወሩ ልጆችም አሉ፣ በደንብ እያኘኩ ማያወሩም አሉ፣ ስለዚህ ልጁ የዘገየባት እናት ላይ «ስላላበላሽው ነው» ብላችሁ እንዳትፈርዱ። ምግብ አመራረጡ በጣም ከጠበበ፣ ስሙን ስትጠሩት ካልዞረ፣ በጣቱ ማይጠቁም ከሆነ ወይ የነበረውን ቃል ካጣ ደሞ ሌላ ምርመራ ሚፈልግ ነገር ሊኖር ስለሚችል ሳታፍሩ ተናገሩ።

የቀነስኳት አንድ ኮከብ እንግዲህ። አንደኛ አስተርጓሚው በስልክ ነበር ሚመጣው፣ በየጊዜው ሌላ ሰው፣ መስመሩ እየተቆራረጠ፣ አንዱ ጊዜ ሴትዮዋ «የመሀል ጆሮ ፈሳሽ» ያለችውን «ጆሮው ውስጥ ቁስል አለ» ብሎ ተርጉሞ እማማ ሌሊቱን ሙሉ ሲጸልዩ አደሩ። እኔ እንግሊዝኛ ስለምሰማ አረምኩት፣ እኔ ባልኖር ኖሮስ? ሁለተኛ፣ ስምንተኛው ወር ላይ ቴራፒስቷ ተቀየረችና በመሀል አምስት ሳምንት ማንም አልመጣም፣ ስደውል «ሰው እየፈለግን ነው» ብቻ። አዲሷ ጥሩ ነበረች ግን መጫወቻ ቦርሳ ይዛ ነበር ምትመጣው፣ ገበታ ላይ አትቀመጥም ነበር፣ እኛው ነን «ምሳ ሰዓት ላይ ነይልን» ያልናት። ሦስተኛ፣ የሌሊት ሺፍት ለሚሠራ ሰው ሰዓቱ አይመችም፣ በአሜሪካ አቆጣጠር ጠዋት 9 ሰዓት ይሉሻል፣ እኔ ከሥራ ቤት ምገባው ጠዋት 7:30 ነው፣ ሳልተኛ ስንት ቀን አሳልፌአለሁ።

እና ልትደውሉ ያሰባችሁ፣ ቨርጂኒያ ካልሆናችሁ የስቴታችሁን ስም ከአርሊ ኢንተርቬንሽን ጋር ፈልጉ፣ በየስቴቱ አለ። መጀመሪያ ስልኩን ሲያነሱ «አማሪክ» (አማርኛ) በሉ፣ ከቻሉ አስተርጓሚው በአካል እንዲመጣና በየጊዜው ያው ሰው እንዲሆን ጠይቁ፣ ጥያቄያችሁ ፋይል ላይ እንዲጻፍ አርጉ። የደወላችሁበትን ቀን ካሌንደር ላይ ምልክት አርጉ፣ 45 ቀኑ ከዛ ነው ሚቆጠረው። እቅዱ ሲጻፍ «ልጁ ቃላት ይጨምራል» ከሚል ይልቅ «ምሳ ሰዓት ላይ ሚፈልገውን በቃል ይጠይቃል» ተብሎ እንዲጻፍላችሁ በሉ፣ ያኔ ቴራፒስቷም ምሳ ሰዓት ላይ ትመጣለች። ሰዎቹ ሲመጡ ደሞ ልጁን ሚያበላው ሰው፣ አያትም ሞግዚትም ትሁን፣ እዛ ትኑር። የእሁዷ እናት ሰኞ ደውላለች፣ ቀጠሮዋ የፊታችን ሐሙስ ነው፣ እማማ አብረዋት ሊሄዱ ነው።